ዜማ በተራ

ቀረብ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ሐምሌ ነው፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቷል፤ ጉም ሲመጣ ይቺ ታሪክ ትመጣብኛለች።

አንድ ንጉሥ ነበር፤ ደመና ላይ ቤት ልሥራ አለ። ሕልም አይቶ ይሁን እንጃ። ጎታቾች ከሸለቆው ትልልቅ ነጭ ድንጋይ በገመድ ሽቅብ ያወጡለት ጀመር። ሥራቸው በዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። አብረው ሲቀበሉ ድንጋዩ እንደ ባዘቶ ቀሎ ይንሳፈፍ ነበር። በስንኝና በስንኝ መካከል ደግሞ ዝም ይላሉ፤ እሷ ዝምታ ትንፋሻቸው ናት።

ታዲያ ዜማ አውጪው ገመድ አይነካም። የንጉሡ ሹም ይህን አየና ሥራውን እንዲያፈጥንለት ጠርቶ ካባ አለበሰው። ካባ ያስቸኩላል መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዜማው ፈጠነ፣ ዝምታዋም ጠፋች። ደባልቄ የሚባል ጎታች አንድ ቀን ገመዱን እንደያዘ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ።

ያኔ ሌላ መሪ እንምረጥ ተባለ። ሦስት ሰዎች ሦስታችንን አብራችሁ ምረጡን ብለው ቆሙ፤ የደባልቄ ሚስት ስንቅነሽ፣ ገመድ ገማጁ አንለይና ሽማግሌው ጓንጉል።

«ድምፃችሁ ያምራል?» አለ አንዱ።

«የእኔስ የአህያ ነው» አለች ስንቅነሽ። «ዓላማችን ግን አንድ ነው። እዚህ ያለ ሁሉ ዜማ ማውጣት ይማር። አውጪም ገመድ ይያዝ። ትንፋሻችንም ትመለስ።»

«ሁሉ አውጪ ከሆነ ማን ሊቀበል ነው እቴ?»

«በተራ ነዋ። አንተ ስትሰለቸን ሌላው ይቀጥላል።»

ሳቁና መረጧቸው። ዜማውንም ተማማሩ፤ ድምፅ የሌለው እንኳ ምቱን በእግሩ መምታት ለመደ።

ሹሙ ሲሰማ ሦስቱን ጠርቶ እልፍኝ ዘጋባቸው። ካባ ለባሹ መጥቶ አጣድፎ አወጣ፤ የተቀበለው የለም። ድንጋዩም አልነቃነቅ አለ። ያን ቀን ጉም ወርዶ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ ከግራ በኩል አንዲት ሴት ቀስ ብላ አወጣች። ሁሉ ተቀበላት፤ ድንጋዩ ተነሣ። ከዚያ ዝም፣ ትንፋሽ። ሹሙ ሊይዛት ወደ ግራ ሲሮጥ ከቀኝ ሌላው አወጣ። ወደ ቀኝ ሲሮጥ ከኋላ። እንዲያው ጉም ውስጥ ሲዞር ዋለ።

ንጉሡ ራሱ ወረደ። «መሪያችሁ ማን ነው?» አለ።

ጎታቾቹ ተያዩ። «አሁን ተራው የማን ነበር?» ተባባሉ።

ንጉሡ ሰው ማሰር ያውቃል፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ዜማ ማሰር ግን ከየት ይምጣለት? ሦስቱን ፈታ፣ ለጎታቾቹም ትንፋሻቸውን መለሰላቸው።

ልጆቼ፣ ጎበዝ መሪ የሚታወቀው እሱ በሌለበት ቀን ነው። የእናንተ መሪ ዛሬ ቢወሰድባችሁ፣ ዜማውን የሚያነሣው ማን ነው?

ደባልቄ ዳነ፤ ከባድ ግን አልጎተተም። ስንቅነሽ ሁለት ዓመት መርታ ለሌላ ለቀቀች። ጓንጉል ዕድሜ ጠግቦ ሞተ፤ አንለይም መግመዱን ቀጠለ። ካባ ለባሹ ካባውን አውልቆ ገመድ ያዘ፤ መጀመሪያ አሾፉበት፣ ኋላ ተላመዱት። ሹሙ አገር ለቀቀ። ቤቱም አለቀ፤ ንጉሡ ሰባት ቀን ተቀመጠበትና ብርድ ነው ብሎ ወረደ።