ሻርፕ ያላወለቀችው ሴት

አንዲት ሴት የጡት ካንሰር ያዛት። ታከመች፤ ተጸለየላት፤ ዳነች። ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ፈወሰኝ» ብላ መሰከረች። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው በተገኘ ቁጥር «እሷን አታዩም?» ይባል ጀመር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ፊቷን ስትታጠብ እጇ አንገቷ ላይ እብጠት አገኘ። ጠጣር ነው። ሲነኩት አያምም።

ምን አደረገች? ሐኪም ቤት ሮጠች? አልሮጠችም። ሻርፕ አሰረች።

ወገኖቼ፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕ አሰረች! ድምፅዋ ሲሻክር «ጉንፋን ነው» አለች። እብጠቱ ሲያድግ ወፈር ያለ ሻርፕ ገዛች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምግቡ ተናነቃት። ታናሽ እህቷ ውድነሽ ልትረዳት ሻርፑን ፈታችው፤ አየችና ጮኸች።

«እትዬ! ምንድን ነው ይሄ? ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ተይኝ ውድዬ። ድኛለሁ ብዬ መስክሬ የለ? ካንሰሩ ተመለሰ ሲባል ሰው ምን ይላል? የጌታን ስም ላሰድብ?»

ትሰማላችሁ? ሞትን አይደለም የፈራችው። ውሸታም መባልን ነው።

እህቷ እየጎተተች ወሰደቻት። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ቀኑ አልመሽ፣ ሌሊቱ አልነጋ አላቸው። በመጨረሻ ሐኪሙ አስቀመጣት።

«የጡትዎ ካንሰር አልተመለሰም» አላት። «ይሄ ሌላ ነው፤ ራሱን ችሎ አንገትዎ ላይ የጀመረ። አንድን ሰው ሁለት የተለያየ ካንሰር ሊይዘው ይችላል።»

«እንግዲያ ያኔ ድኜ ነበር?»

«ድነው ነበር እንጂ! ግን ምነው ይህን ያህል ቆዩ?»

እንባዋ ቀደማት። ምን ብላ ትመልስ?

እኔ ልመልስላት። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ይህቺ ናት። እልል ያልነው እኛ ነን። አንዴ የዳነ ሰው ዳግመኛ እንዳይታመም የከለከልነው እኛ ነን!

እናንተስ? መጠጥ ተውን ብላችሁ የመሰከራችሁ፣ ዛሬ ቁማር ይዟችሁ ዝም ያላችሁ? ትዳራችን ተቃና ብላችሁ ያስዘመራችሁን፣ ዛሬ ልጃችሁ ጠፍቶባችሁ «ሁሉ ሰላም ነው» የምትሉ? እስከ መቼ ነው ሻርፑ? የፊተኛው ፈውስ እውነት ነው። የአሁኑም ሕመም እውነት ነው። ሳያንቃችሁ ተናገሩ!

እህታችን ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ሐኪሙ ቃል አልገባላትም። እሷ ግን ዛሬ ሻርፑን አውልቃ መካከላችሁ ተቀምጣለች። እልልታውን ለጊዜው ተዉት። ተነሡና አጠገቧ ቁሙ።