የሰኞ ምስጋና

ጌሾ ሸጣ የምታድር አንዲት መበለት፣ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጇን በነጻ እንዲያስተምሩላት ልትለምን የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ባለቤት ከሆኑት ከአቶ ዳምጠው ዘንድ ይዛት ሄደች። እሳቸውም መምህራኑ ፊት ወንበራቸው ላይ ተንፈላሰው፣ «እቀበላታለሁ፤ ግን በየሰኞው ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፉ ፊት ወጥታ፣ ‹የድሃ ልጅ ነኝ፤ የምማረው በጋሼ ዳምጠው ደግነት ነው› ትበል። እንቢ ካልሽ ይዘሻት ሂጂ» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። እኔ የተማሪ ቦታ ልለምን መጣሁ፤ እርስዎ ግን መምህር አደረጓት። የትምህርት ቤትዎ ስድስት መቶ ልጅ እስከ ዛሬ ያላየውን ደግነትዎን በየሰኞው የምታስተምር ከሆነማ፣ ደመወዟን ይወስኑላት። እንዲህ ያለ ከባድ ትምህርት በነጻ አይሰጥም» አለቻቸው።