የተቆረጠው ዝምታ

ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ መንገዱን የሚቀጥል ሰው መምህር ይባላል? አንባቢ ሆይ፣ ቸኩለህ አትመልስ፤ እጠብቃለሁ።

የእህቴ ልጅ ትርሲት የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር። ዩኒቨርሲቲዋ የዲጂታል ትምህርት ኃላፊ አድርጎ በሾማት ሰሞን ልታየኝ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰው አገር ኖረሽ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ፣ እስካሁን የሬዲዮ ትምህርት ይናፍቅሻል? ስክሪኑ አይሻልም?» አለችኝ። እኔም ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ፤ የሬዲዮ መምህር። በዚያን ጊዜ በየገጠሩ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሬዲዮ ይቀመጣል። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሰዓቱ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰውየው ከተማ፣ ግድግዳው በስፖንጅ ከተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን ልጆች «እንደምን አደራችሁ?» ይላቸዋል። ይኼኔ ባገሩ ሁሉ ልጆች ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይሉታል። እሱ አይሰማቸውም። ግን እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል።

ሙያው ይኸው መጠበቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ቴፑ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ልኩንም በሰዓት አይለካውም። ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ዓይናፋር ልጅ ያስባል። ልጅቷ ጥያቄውን ትሰማለች፣ ትደነግጣለች፣ ጎኗ ያለችውን ልጅ ታያለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ተነሥታ ትመልሳለች፣ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ እሱ ዓይኑን ይገልጣል። ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ይስቅበታል።

«ጋሼ፣ አንቀላፉ እንዴ? ቴፑ እያለቀ ነው!»

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልተቀመጠችም።»

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ።»

«እሷ እስክትቀመጥማ እኔ ጡረታ እወጣለሁ!»

ሁለቱም ይስቃሉ። «ጎበዝ!» የሚለው ቃል የሚቀዳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አልፎ አልፎ ሰውየው ገጠር ሲወርድ ማንም በመልኩ አያውቀውም። አፉን ሲከፍት ግን ልጆቹ «ሬዲዮው መጣ! ሬዲዮው መጣ!» እያሉ ይከቡታል፤ ካፖርቱንም ገለጥ አድርገው ድምፁ ከየት እንደሚወጣ የሚፈልጉ ነበሩ። ያን ዘመን በሕይወቱ ሙሉ ሲያወራው ኖረ።

ውጭ አገር ተልኮ ተማረ፣ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። ቴሌቪዥን በየክፍሉ ሲገባ ካስገቡት አንዱ እሱ ነው። እንዳይሰረቅም፣ መምህራኑም እንዳያጠፉት፣ በብረት ሳጥን ይቆለፍ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ፤ ስሙም በየስብሰባው ይነሣ ጀመር። የቀረው ፕሮፌሰርነቱ ነበር። እሱንም የድሮዎቹን የሬዲዮ ትምህርቶቹን በሥዕል አስጊጦ ለስክሪን ካበቃ እንደሚያገኝ ተነግሮታል።

ሥራው ለገምጋሚዎች ቀረበ። አንድ ወጣት ምሁር ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና፣ «ዶክተር፣ በየመሃሉ ድምፁ ይጠፋል። ቴፑ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ» አለ።

«የባከነ ሰዓት ነው» አለ ሌላው። «ይህ ሁሉ ባዶ ቢጠራቀም ሌላ ምዕራፍ ያስተምር ነበር።»

ሁሉም ወደ ሰውየው ዞሩ። ማለት የነበረበት አጭር ነገር ነው፤ ባዶው የልጆቹ ቦታ ነው ማለት ብቻ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያረጀ ልማዱን የሙጥኝ ያለ ሽማግሌ መምሰልን ፈራ። ማዕረጉንም አሰበ።

«ቁረጡት» አለ።

ኮምፒውተሩ ዓይን በሚጨፈንበት ፍጥነት ቆረጠው። ዝምታው ሄደ፤ «ጎበዝ!» ከጥያቄው ጋር ተጣበቀ። አሮጌዎቹ ቴፖች መጋዘን አጣበቡ ተብሎ ተጣሉ። ሰውየው ፕሮፌሰር ተባለ፤ ተጨበጨበለት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በአንዲት የቆላ ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ሄደና ክፍል ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። መምህሩ በሩን ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የገዛ ድምፁ፣ ያ የወጣትነት ድምፁ፣ «ጤዛ ከየት ይመጣል? ጎበዝ!» አለ። ልጆቹ ለምደውታል፤ «ጎበዝ!»ን ከመሣሪያው ጋር እኩል ብለው ሳቁ።

አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጅ ጎንበስ አለ። «መልሱን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽም?»

ልጅቷ የሚቀልድባት መሰላት። «ለማን?» አለችው።

ሰውየው ብድግ አለ። በወንበሮቹ መሃል አልፎ፣ በብረት ሳጥን የተቆለፈውን ስክሪን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«ፕሮፌሰር፣ አይድከሙ» አለ መምህሩ ከበሩ ሳይነቃነቅ። «ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ሄደዋል።»

ሰውየው ሳጥኑ ፊት ቆሞ ቀረ። ድምፁ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ሰውየው ሊመልስለት አፉን ከፈተ።

«ጎበዝ!» አለው ድምፁ።

ይኸውልሽ፣ ትርሲት። ሰውየው አንቺ ነሽ። ገምጋሚዎቹ ነገ ጠረጴዛሽን ከበው የሚቀመጡት ናቸው። ባዶው ቦታ ተማሪው ነው፤ ትምህርቱ ባዶው እንጂ ንግግሩ አልነበረም። የናፈቀኝ ሬዲዮው እንዳይመስልሽ፤ ሬዲዮው ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ግማሹም አይሰማም። የናፈቀኝ የማያየውን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስክሪንሽንም አልከስሰውም። እሱ አይደክመው፣ አይቸኩል፣ ሹመት አይፈልግ፤ ጠብቅ ቢሉት ከሁላችንም በላይ ይጠብቅ ነበር። ጠብቅ የሚለው ግን ጠፋ።

ትርሲት ግን፣ «እሱም እኮ ሰው ነው፣ አክስቴ» አለች። «ዘመኑ አስገድዶት ነው። ተጸጽቷል እኮ። አሁንስ ይቅር አትይውም?»

«አልለውም» አልኳት። «እሱንም አልል፣ ያጨበጨቡለትንም አልል፣ በር ተደግፎ ያየውንም አልል። አንቺም ከቆረጥሽ አንቺንም ይቅር አልልሽም።»