ገመና የሚያሳየው መስኮት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ቀጠሮ የሚያሰላ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ሕመምተኛው የሠላሳ ቀን ክኒን ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ የሚመለስበትን ቀን ቆጥሮ ይነግረዋል። በአንድ ቀን ከዘገየ ሰውየው ያለ መድኃኒት ይውላል። ቀልድ የለበትም!

ከሠሪዎቹ አንዷ ዘቢደር ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም አያርፍም። ሦስት ዓመት ስትለፋ ስሟን የሚያነሳ ሰው ባለመኖሩ ውስጧ ያርር ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ኮዳችን የሚታይበት መመልከቻ እንጨምር» አለች። «እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳይ መስኮት። የጤና ጣቢያ ሰዎች ይዩት እንጂ፣ የሚሠሩበት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

ባልደረባዋ ምንተስኖት ተቁነጠነጠ። «ተይ ዘቢዬ፣ ገመና ይወጣል።»

«የማን ገመና? ያንተ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ኃላፊያቸው ጋሽ ድንበሩ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ ለዘቢደር ፈረዱላት። ደስታዋን አትጠይቁኝ! በሳምንት ውስጥ መመልከቻውን ሠርታ ቁጭ አደረገችው።

ምንተስኖት ተሸነፈ እንጂ አላኮረፈም። «ሳይከፈት አምስት ቀን ስጡኝ» ብሎ የድሮውን ኮድ ከሥሩ ጀምሮ አገላበጠው። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ለሙከራ ገብቶ የተረሳ የአራት መቶ ሕሙማን ስም፣ ከነበሽታቸው! አንድም ሳያስቀር አጠፋው። ዘቢደር ያጠፋው ምን እንደሆነ ስትሰማ ክው ብላ ቀረች። እሱ የፈራው ለማን ገመና እንደሆነ ያኔ ገባት።

መመልከቻው በሐምሌ ተከፈተ። ቆላ ውስጥ ባለች ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር ትርፌ የምትባል ነርስ በምሳ ሰዓቷ ታየው ጀመር። ኮድ የሚባል ነገር አታውቅም። ሠሪዎቹ ግን ከየመስመሩ ጎን በአማርኛ ማስታወሻ ይጽፉ ስለነበር፣ እሱን እሱን ታነባለች። አንዱ ማስታወሻ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ተተከለ። «ጳጉሜ ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት» ይላል።

ወዲያው ስልክ መታች። «የኔ እመቤት፣ ዘንድሮ እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው! ጳጉሜ ስድስት ናት። ነሐሴ ላይ መድኃኒት የሚወስዱ ሁለት መቶ ሰዎች አሉኝ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ልታዘገዩብኝ ነው?»

ስልኩን ያነሣችው ዘቢደር ነበረች። መመልከቻውን ከፍታ መስመሩን ፈለገች፤ ከጎኑ የጸሐፊውን ስም አነበበች። ዘቢደር ይላል። አቤት እፍረት! መስመሩን ዝም ብላ ብታርመው ማን ይጠይቃት ነበር? እሷ ግን ባልደረቦቿን ሰብስባ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኑና እዩት» አለች፤ እዚያው ፊታቸው አረመችው።

ነሐሴ ገባ፣ ጳጉሜ ስድስትም አለፈች። በመስከረም አንድም ሰው ያለ መድኃኒት አልዋለም። አንድም! ከየጤና ጣቢያው የምስጋና ስልክ ጎረፈ፤ ፕሮግራሙ ለክልሉ በሙሉ እንዲዳረስም ተወሰነ። ቢሮው በእልልታ ቀለጠ።

ጋሽ ድንበሩ ሦስቱን አገናኝተው፣ ሲስተር ትርፌን በስልክ፣ «ፕሮግራሙ ከእንግዲህ በአንዳችሁ ስም ይጠራል» አሉ። «የሦስት ሰው ስም እየደረደረ የሚጠራ የለም፣ አንድ ብቻ።»

«እኔ የሕሙማኑን ስም ባልጠርገው ኖሮ፣ መስኮቱ የስንቱን ሕመምተኛ ትዳር ያፈርስ ነበር» አለ ምንተስኖት።

«ሁለታችሁ ዓመት ሙሉ አፍጥጣችሁበት አላያችሁትም» አለች ሲስተር ትርፌ። «ያየሁት እኔ።»

ዘቢደር ስሙን ፈልጋዋለች፣ በጣም ፈልጋዋለች። «መስኮቱ ባይኖር በምን ያዩት ነበር፣ ሲስተር?» አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን የኔ እመቤት፣ አምስት ብሎ የጻፈው ማን ነበር?»

ጋሽ ድንበሩ ይኸው እስከ ዛሬ ቆርጠው አልፈረዱም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ግን እንዳትጣሉ። ስሙ ለማን ይገባል?