ክፍተቱን አትንኩ

አንድ ጡረታ የወጡ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ባቡሩ ሥራ ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ የከተማቸው ሰዎች "ይህ ቅርስ ዓይናችን እያየ አይጠፋም" ብለው አሮጌውን ሐዲድ በበጎ ፈቃድ ሊጠግኑ ተነሡ። የከተማው ሹም ቁርጡን ነገራቸው፤ "በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ባቡሩ እስከ ድልድዩ በሰላም ደርሶ ከተመለሰ ሐዲዱ ይቆያል። ካልሆነ ተነቅሎ ለብረት አቅላጭ ይሸጣል።"

ሥራውን የሚያውቁት ጋሽ ዘርጋው ብቻ ስለነበሩ አሠሪ ሆኑ። ክረምቱ ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ ዝናቡ የሥራ ቀናቸውን ቅዳሜን ጠብቆ የሚወርድ ይመስላል። ሰዎቹ ግን ላስቲክ ለብሰው፣ ጭቃ ውስጥ እየተነከሩ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፣ ቡሎን ያጠብቃሉ። ልባቸው ወርቅ ነው። እጃቸው ግን፣ ኧረ እጃቸው! አንዱ ቡሎኑን በግራ ያዞራል፣ ሌላው ጠጠሩን ወደ ቦይ ይደፋል። ጋሽ ዘርጋው ከጠዋት እስከ ማታ "ተው! አትንካ! ወዲያ በል!" ሲሉ ድምፃቸው ይዘጋል።

ሐዲድ ከሐዲድ በሚገናኝበት ሁሉ ጣት የማያስገባ ክፍተት አለ። አንድ ቅዳሜ ነጂባ የምትባል ልብስ ሰፊ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ውሃ እየገባ ነው። ብረቱን አይበላውም? ብንደፍነውስ?"

"አትንኪ!"

"እሺ፣ ግን ለምን..."

"አትንኪ አልኩ አትንኪ! ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?" አሉና ጥለዋት ሄዱ።

በነሐሴ መጨረሻ ያ ሁሉ ዝናብ ጋሽ ዘርጋውን አልጋ ላይ ጣላቸው። ልብስ ሰፊ ደግሞ የተተረተረ ስፌት አይታ አያስችላትም። ነጂባ ሰዎቹን ሰብስባ፣ "ምስኪን፣ ለእኛ ሲሉ ነው የታመሙት። ውሃው ብረቱን ሳይበላው ክፍተቱን እንድፈነውና ሲመለሱ ሥራው አልቆ ይጠብቃቸው" አለች። በዶፍ ዝናብ ውስጥ ቆመው እያንዳንዱን ክፍተት በብረት ቁራጭ እየጠቀጠቁ ደፈኑት። ሲጨርሱ እጃቸው ቆስሎ ነበር፤ ደስታቸው ግን ወደር አልነበረውም።

ባቡሩ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ዝናቡ አባርቶ ጠራራ ፀሐይ ወጣ። ጋሽ ዘርጋው ከዘራቸውን ይዘው ቀትር ላይ ነጂባና ሰዎቹ ወደሚጠብቋቸው ሐዲድ መጡ። ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ሐዲድ ወደ ጎን ተጣሞ ጠጠሩን ገፍቶ ወጥቷል።

ኮፍያቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ወረወሩት። "ጉድ ሠራችሁኝ! ብረት ፀሐይ ሲመታው እንደሚረዝም አታውቁም? መርዘሚያውን ስትደፍኑበት ወዴት ይሂድ? አትንኩ አላልኩም?"

ነጂባ ኮፍያቸውን ከጭቃው አነሣች። "ብለዋል ጋሼ። አትንኩ ብለዋል። አሁን የተናገሩትን ያኔ ነግረውኝ ቢሆን ግን፣ እንኳን እኔ ልደፍነው፣ ሌላው ሲደፍን እጁን እይዝ ነበር።"

ጋሽ ዘርጋው ይህን ሲሰሙ የድሮ አለቃቸው ትዝ አሏቸው። እሳቸው ጀማሪ ሳሉ አለቃቸው አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጠዋት ሰፍቶ የነበረው ክፍተት ቀትር ላይ ሲጠብ በዓይናቸው አሳይተዋቸው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈጀው። እሳቸው ለነዚህ ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ያንን አንድ ቀን ነፈጓቸው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነይ ልጄ" አሉና ክፍተት የሚለኩበትን ቀጭን ብረት ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አኖሩት። ብረቱ እስኪበርድ ምክንያቱን ለሁሉም አስረዱ፤ ማታ ሲበርድ ሁሉም የደፈነውን እየነቀለ፣ ሐዲዱን ገፍተው ወደ ቦታው መለሱት። የመጨረሻውን ክፍተት የለካችው ነጂባ ናት።

እሑድ ባቡሩ በየክፍተቱ "ቀጭ፣ ቀጭ" እያለ ድልድዩ ደርሶ ተመለሰ። ሐዲዱም አልተሸጠም።

ወዳጄ፣ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ "ነግሬያቸው ነበር" ማለት ይቀናዋል። የነገርናቸው ግን ትእዛዙን ነው ወይስ ምክንያቱን? ምክንያቱን የነፈግነው ሰው ሊረዳን ብሎ ያጠፋል፤ ከጥፋቱም እኩሌታው የእኛ ነው። ዛሬ በቤትህ ወይም በሥራ ቦታህ "አትንካ" ብለህ ጥለኸው የሄድከው ማነው?