ነርሷ፣ ተሸካሚው አባቷና ባለሦስት ገጹ ውል

አንድ ተሸካሚ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። በከተማው እህል ተራ ጆንያ እየተሸከመ አስተማራት። ልጅቱ ውዳላት ትባላለች፤ ዓይን አፋር ናት፣ መጽሐፍም ከእጇ አይለይም። መጀመሪያ ነርስ ሆነች። ቀጥላም ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘችና በሽተኛ ራሷ መርምራ መድኃኒት ማዘዝ የምትችል ነርስ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሥራ ፈለገች። በዘጠነኛው ወር፣ በከተማው የታወቀ ክሊኒክ ያላቸው አንድ አዛውንት ሐኪም ሊቀጥሯት ጠሯት። ሦስት ገጽ ውል ከፊቷ አኖሩና፣

"አንብቢው። ያልተመቸሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ሲስተር" አሏት።

ሲስተር ብሎ የጠራት ቀጣሪ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው፤ ከደስታዋ ብዛት ጉንጮቿ ጋሉ። ውሉን ሳትገልጥ፣ "እርስዎ ያዘጋጁት ምን ይጎድለዋል፣ ዶክተር?" አለች። አስተዳደጓ እንደዚያ ነው። ትልቅ ሰው የሰጠውን በሁለት እጅ ተቀብሎ ማመስገን እንጂ፣ አገላብጦ ማየት ነውር ነው ተብላ አድጋለች።

"ቢሆንም ቤትሽ ውሰጂው። ነገ ትፈርሚያለሽ" አሏት።

ቤት ገብታ ውሉን ማንበብ ለማይችለው አባቷ አነበበችለት። ደመወዙ ደህና ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን "ሠራተኛዋ ወደ ክሊኒኩ የሚመጡትን ታካሚዎች በሙሉ ታያለች" ይላል። ስንት እንደሆኑ አይልም። ዶክተሩ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሌላ ከተማ ነው የሚሠሩት። በእነዚያ ቀናት የማታውቀው ሕመም ቢገጥማት ማንን እንደምትጠይቅ የትም አልተጻፈም። በድካም ብዛት ተሳስታ አንድ ሰው በእጇ ሲሞት ታያት።

"አባዬ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ብጠይቃቸውስ?"

አባቷ ደነገጠ። "ዶክተር የጻፉትን ልታርሚ? እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምን አጠጥተው ነው የላኩሽ?"

"ብሳሳትስ?"

"ቢቀየሙሽስ? ስምንት ወር መጽሐፍ አቅፈሽ ከርመሽ፣ በር የከፈቱልሽን ሰው በሩ ጠበበኝ ልትያቸው ነው? ፈርሚ ልጄ። ፈርሚና እኔም ይሄን ወገቤን ላሳርፈው።"

ወገቡን ሲያነሳባት ውሉን አጠፈችና ለጠዋት አስቀመጠችው።

ክሊኒኩ ከእህል ተራው ማዶ ስለነበር ጠዋት አብረው ወጡ። አንድ ነጋዴ አንድ ጆንያ አቁሞ አባቷን ይጠብቅ ነበር።

"ጋሽ አስማረ፣ ይችን ቶሎ አድርስልኝ! ቀላል ናት፣ ጥጥ በላት።"

አባቷ ወዲያው አልጎነበሰም። የጆንያውን ጆሮ ጨብጦ ከመሬት ትንሽ ከፍ አደረገና መልሶ አስቀመጠው። "ጥጥ ከሆነችማ አንተው በኪስህ ክተታት!" አለ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ነጋዴውም እየሳቀ ከጆንያው ላይ ቀነሰለት። ከዚያ አባቷ አንድ ጓደኛውን ጠራ። ተሸካሚ ምንም ጉልበት ቢኖረው ሙሉ ጆንያ ብቻውን ጀርባው ላይ አያወጣም፤ የሚያሸክመው ሰው ያስፈልገዋል።

ጆንያውን አድርሶ ላቡን እየጠረገ ሲመለስ ልጁ እዚያው ቆማለች።

"ነጋዴው አልተቀየመህም?"

"ለምን ይቀየማል? ዝም ብዬ ተሸክሜ መንገድ ላይ ብወድቅ የሚደፋው የእሱ እህል! ይሄው ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ሰው አይጠራም።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የገዛ ንግግሩ ጆሮው ውስጥ ገባ። ልጁን አየ። በእጇ የያዘችውን ወረቀት አየ።

"እስቲ ያችን ሁለተኛዋን ገጽ ድገሚልኝ" አላት።

ደገመችለት።

"እሳቸው በሌሉ ቀን ሲከብድሽ ማነው የሚያሸክምሽ?"

"አልተጻፈም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሂጂና አስጽፊ እንጂ! የትናንቱን እርሺው፤ ትናንት ፈርቼ ነው።"

ውዳላት ዶክተሩ ፊት ተቀመጠች። በይቅርታ ጀመረች። አንዱን ይቅርታ ሳትጨርስ ሌላ ይቅርታ ጨመረች።

"ሲስተር፣ ይቅርታው በቅቶናል፤ ወደ ነገሩ ግቢ" አሏት።

"ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ሃያ ታካሚ ልይ። ከዚያ በኋላ እጨምራለሁ። ደግሞ እርስዎ በሌሉ ቀን ደውዬ የማማክረው ሐኪም በስም ይጻፍልኝ።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሃያ? ወረፋውን አይተሽዋል፣ ልጄ? እስከ ውጭው በር ድረስ ነው እኮ።"

"አይቻለሁ። ግን ሁሉንም አያለሁ ብዬ ብፈርም፣ ግማሾቹን በደንብ ሳልመረምር ነው የምሸኛቸው።"

ዶክተሩ ውሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ውዳላት ሥራው እንዳመለጣት ገመተች። ለአባቷ ምን ብላ እንደምትነግረው ማሰብ ጀመረች።

"ከአንቺ በፊት አንዲት ሲስተር ነበረች" አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። "ያልኳትን ሁሉ እሺ ትለኝ ነበር። እንዴት ያለች ጎበዝ አገኘሁ እል ነበር። በአራተኛው ወር የክሊኒኩን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ምን እንደከበዳት እስከ ዛሬ አላውቅም። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።"

ብዕራቸውን አነሱ። "ሃያ አልችልም፣ ሃያ አምስት ይሁን። ሦስት ወሩን ተቀብያለሁ። ለምክሩ ግን የምጽፍልሽ የራሴን ስልክ ነው። ሥራ ይዞኝ ካላነሳሁ የአንድ ሐኪም ጓደኛዬን ከሥሩ አደርግልሻለሁ።"

ውዳላት ትንሽ አሰበችና፣ "ሃያ አምስት እችላለሁ" አለች። ፈረመች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ዶክተሩ በሌሉበት ቀን፣ አንዲት እናት በትኩሳት የሚነድ ሕፃን አቅፋ መጣች። ውዳላት ጊዜ ወስዳ መረመረችው። አንገቱ አልታጠፍ አላት። ማጅራት ገትር ነው ብላ ጠረጠረች፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። ሳታፍር ደወለች። ዶክተሩም አነሱ፣ አዳመጧት፣ "ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ የመጀመሪያውን መርፌ ስጪውና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ" አሏት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የውዳላትን የልብ ማዳመጫ ሊነጥቃት ይታገል ነበር።

ብዙዎቻችን ሰውን ማክበር ማለት የሚለንን ሁሉ እሺ ማለት ይመስለናል። ሳናስብበት እሺ ስንል ግን፣ ላከበርነው ሰው የማንፈጽመውን ቃል እንሰጠዋለን፤ ሲያቅተን የሚጎዳው እኛን አምኖ የመጣው ሁሉ ነው። አቅምን መናገርና የት ላይ እገዛ እንደሚያስፈልገን ማሳወቅ ንቀት አይደለም፤ የገባነውን ቃል ለመጠበቅ ማሰብ ነው። ቀጣሪም ብንሆን፣ አለቃም ብንሆን፣ የሠራተኛው ዝምታ ሁልጊዜ ስምምነት እንዳልሆነ እንወቅ።

እናንተስ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ሳታነቡ የፈረማችሁት ምን ነበር? ሁልጊዜ እሺ የሚላችሁን ሰውስ፣ ከብዶት እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?