ባሻ ይመኑና የሁለት ወረዳ ጣሪያ

እስኪ አንባቢዬ፣ ለጋራ ነገር መዋጮ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ኪስዎ ነው ወይስ ወደ ጎረቤትዎ? መልሱን ለራስዎ ይያዙት። እኔ ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ በነገሥታት ግቢ ስለኖሩ ቀልደኞች የተጻፈውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። እነዚያ እያሳቁ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የእኛው ባሻ ይመኑ ግን አስቆ ጦሙን ያድር ነበር።

ላይ ሸምበቆና ታች ሸምበቆ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች ነበሩ። ላይኛውን ግራዝማች አንዳርጌ፣ ታችኛውን ቀኛዝማች ሽባባው ይገዙ ነበር። ለሁለቱ አንድ ትምህርት ቤት ተፈቀደ። ሁለቱም «በእኔ መሬት ይሠራ» ብለው ሲጣሉ ሽማግሌ ገብቶ ወሰኑ ላይ አስቆመው። የወሰኑ ድንጋይ ክፍሉ መካከል ቀረ፤ እኛ ልጆች በተራ እንቀመጥበት ነበር። የሣር ክዳኑን ማደስና መምህሩን መቀለብ የሁለቱም ወረዳ ግዴታ ሆነ።

የምርቃቱ ዕለት ሁለቱ ገዢዎች በሩ ላይ ተጋፉ። «የእኔ ነው!» «የለም፣ የእኔ ነው!» ተባባሉ። በመጨረሻ ወደ ባሻ ዞረው «አንተ ተናገር፣ የማን ነው?» አሉት።

«ጌቶቼ፣ ዛሬ የሁለታችሁም ነው። የማን እንደሆነ ዝናብ ሲጥል እንጠይቃለን።»

ዝናቡ ጣለ፤ ክዳኑ አፈሰሰ። ግራዝማች «ቀዳዳው በታችኞቹ በኩል ነው» አሉ። ቀኛዝማችም «ውሃው የሚወርደው ከላይኞቹ ነው» አሉ። ከአውራጃ የተላኩት ዳኛ ዝናቡ ሳያባራ ካባቸውን እንደደረቡ ክፍሉ መካከል ድንጋዩ አጠገብ ቆሙና «ፍሳሹ በየትኛው ወረዳ እንደሆነ ሳይረጋገጥ አልፈርድም» አሉ። ባሻ ጠጋ አላቸው።

«ጌታዬ፣ ግራ ትከሻዎ ያለው ላይ ሸምበቆ ነው፤ ቀኝ ትከሻዎ ታች ሸምበቆ። እስኪ ካባዎን ይጠይቁት።»

መምህር ልሳኑ የሚባሉት አስተማሪያችን «እስከ ሰኔ ክዳኑ ካልታደሰ እሄዳለሁ» ብለው አስጠነቀቁ። ወንዶቹ ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። እኛ ሴቶቹ ከዚያ ቤት ሌላ መሄጃ አልነበረንም። ስለዚህ የሁለቱ ወረዳ ጉባኤ ተጠራ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ሊቀመንበር ማን ይሁን በሚለው ክርክር ቀኑ መሸ። ሲበተኑ አንዱ ሹም ከደጅ የቆመውን ባሻን «ምነው ዝም አልክ? ሥራችን አልታየህም?» አለው።

«ታየኝ እንጂ! ከጉባኤው ጉዳዩ ያለቀለት በጉ ብቻ ነው።»

አቶ ቸኮል የሚባል ሀብታም ቤቱ ወሰኑ ላይ ነበር። አራት ልጆቹ እዚያው ይማራሉ፤ የሣር መሬቱም ዓይን አይጨርሰውም። ላይኞቹ ሣር ሲጠይቁት «ለታች ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ታችኞቹ ሲጠይቁት «ለላይ ሰጥቻለሁ»። ለፋሲካ የሁለቱም ወረዳ ሰው በሬ ጥሎ ቅርጫ ሲካፈል አካፋዩ ባሻ ነበር። አቶ ቸኮል መደቡን ዞሮ ዞሮ ቢያጣው «ባሻ፣ ምን ጉድ ነው? የእኔ ሥጋ የታለ?» ብሎ ጮኸ።

«ላይኞቹን ብጠይቅ ከታች ወስደዋል አሉኝ፤ ታችኞቹን ብጠይቅ ከላይ ወስደዋል። እንግዲህ ጌታው፣ ሣሩን እንደሰጡን ሥጋውን ወስደዋል።»

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ቸኮልም ሥጋውን ሲያገኝ አብሮ ሳቀ። ሣር ግን አንድም ሰው አላመጣም።

ሰኔ ገባ፤ መምህር ልሳኑ መጻሕፍታቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ። በሳምንቱ ጣሪያው ተደረመሰ። ያን ጊዜ ሁለቱም ወረዳ መጥረቢያ ይዞ ደረሰ። ግራዝማች «ወጋግራው ከእኔ ጫካ የተቆረጠ ነው» አሉ፤ ቀኛዝማች «ማገሩ የእኔ ነው» አሉ። ሰዎቻቸው እየተጋፉ በሩን ነቀሉ፣ መስኮቱን ነቀሉ፣ ምሰሶውን ሳይቀር ወሰኑ ላይ ለሁለት ቆረጡት። ባሻ ይመኑ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። «ምን ትላለህ ባሻ?» አሉት።

«እልል በሉ! ትምህርት ቤቱ ዛሬ ባለቤት አገኘ።»

ያን ቀንም ሳቁ። የምቀመጥበትን አግዳሚ አባቴ ተሸክሞ ወደ ቤት አመጣው። በዓመቱ ሲድሩኝ ሚዜዎቹ ተቀመጡበት።

የወሰዱትን፣ የሳቁትን፣ ባሻ ይመኑንም ጨምሬ ማንንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።